ክቡር አቶ ሜርቭ እና የማንጎው ጥላ

በየመንደሩ ሳይጠየቅ የሚመልስ አንድ ሰው አለ። እሱ ከሌለ መንደሩ ገና አላለቀም፤ መብራቱ ገብቷል፣ ውሃው ገብቷል፣ አዋቂው ግን አልገባም ማለት ነው። ብሪዝበን ዳርቻ፣ ግሌኒስ ቶልኸርስት በምትኖርበት መንገድ ላይ፣ አዋቂው ከገባ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ስማቸው ክቡር አቶ ሜርቭ ሃዘርሊ ነው። «ክቡር»ን የጨመረችላቸው ግሌኒስ ናት፣ በሆዷ።

አቶ ሜርቭ ጡረታ የወጡ የሊፍት ጥገና ባለሙያ ናቸው። ፖስተኛዋን ደብዳቤ እንዴት እንደሚያዝ አስተምረዋል። የእንስሳት ሐኪሙ ውሻቸውን መርፌ ሲወጋ እጁን አስተካክለውለታል። አንዴ የእሳት አደጋ መኪና ተሳስቶ ወደ መንገዱ ቢገባ፣ ሾፌሩን አስቁመው እንዴት እንደሚዞር አስረዱት። ማስረዳቱ አሥራ ሁለት ደቂቃ ፈጀ። እሳቱ የነበረው ሌላ ሰፈር ነው።

ግሌኒስ ይህን ሁሉ ችላ ኖራለች። ያልቻለችው ሣራቸውን ነው።

ከአጥሯ ማዶ ያለው የአቶ ሜርቭ መዋኛ ገንዳ ዙሪያውን ሰው ሠራሽ ሣር ለብሷል። ዛፍ የለበትም፣ ቅጠል አይወድቅበትም፣ ዓመቱን ሙሉ እንደ ተበጠረ ጠጉር ተኝቶ ያበራል። የግሌኒስ ገንዳ ግን ከእሷ ዕድሜ የሚበልጥ ማንጎ ሥር ነው። እዚያ ጥላ ውስጥ እውነተኛ ሣር አራት ጊዜ ተክላለች፣ አራት ጊዜ ሞቶባታል። የቀረው ሲዘንብ ጭቃ፣ ሲደርቅ አቧራ ነው።

የልጇ ልጆች ቲሊ እና ጃርቪስ ቅዳሜ ቅዳሜ በባዶ እግራቸው ይመጣሉ። አያታቸውን ይስማሉ፣ ብስኩቷን ይበላሉ፣ ከዚያ በአጥሩ በር በኩል ወደ ማዶ ይሄዳሉ። «ጋሼ ሜርቭ ጋ ጭቃ የለም» ትላለች ቲሊ። ግሌኒስ የታጠፉትን ደረቅ ፎጣዎች ይዛ ትቀራለች። ሳቃቸው አጥሩን ተሻግሮ ሲመጣ የታጠፉትን እንደገና ታጥፋለች።

በኅዳር መጨረሻ ጃርቪስ ብስኩቱን እያኘከ ጠየቀ፦ «አያቴ፣ የገናን ምሳ ጋሼ ሜርቭ ጋ ብንበላስ?»

ሰኞ ጠዋት ግሌኒስ ሰው ሠራሽ ሣር ሻጭ ቤት ነበረች። ማንንም አላማከረችም፤ በተለይ አንድን ሰው። ናሙናዎቹ ከሱቁ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተደርድረዋል። ከሁሉ ረጅሙን፣ ከሁሉ ጥቅጥቅ ያለውን፣ ከሁሉ ጥቁር አረንጓዴውን መረጠች። የሜርቭ ሣር ከዚህ አጠገብ ቢቀመጥ የተላጨ በግ ይመስላል ብላ አሰበች። ለመጨረሻ ውሳኔ ጉርድ ናሙና ይዛ ተመለሰች።

ከመኪናዋ ሳትወርድ ጭንቅላታቸው ከአጥሩ በላይ ብቅ አለ።

«ናሙና ነው?»

«ምንጣፍ ነው» አለች።

«አዪዪ፣ ግሌኒስ። ሣር ሱቅ ውስጥ አይመረጥም። ዛፍሽ ሥር አስተኚው፣ አንድ ሳምንት ይቆይ። ከዚያ እግርሽን ጠይቂው።»

«አንተ እግርህን ጠይቀህ ነው የገዛኸው?»

አቶ ሜርቭ አፋቸውን ከፈቱ። ዘጉት። ጭንቅላቱ ቀስ ብሎ ወረደ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ያለ መልስ የቀረ የመጀመሪያው ጥያቄ ነበር።

ናሙናውን ማንጎው ሥር የጣለችው እሳቸውን ለማሳፈር ነው። ማክሰኞ ዕለት ጥላው ውስጥ ጠቁሮ፣ የሞተ ድመት መሰለ። ረቡዕ ዘነበ። ዓርብም አልደረቀም። የማንጎው ቅጠል ረጅሙ ሣር መሐል ገብቶ ተቀረቀረ፤ በመጥረጊያ አልወጣ ብሎ በጣቷ ለቀመችው። እግሯን አሳርፋ ጠየቀችው። እግሯ ተጸየፈ። ያናደዳት ግን ሣሩ አልነበረም። የሰውየው ትክክል መሆን ነው።

ቅዳሜ ልጆቹ ሊደርሱ ሩብ ሰዓት ሲቀር፣ ከማዶ የውሃ ድምፅ ሰማች። በርጩማ ላይ ቆማ ተመለከተች። ክቡር አቶ ሜርቭ በባዶ እግራቸው፣ የውሃ ጎማ ይዘው፣ ያንን የሚያበራ ሣር ውሃ ያጠጣሉ። ፕላስቲክ ያጠጣሉ። ያውም እያጠጡ ፍም እንደ ረገጠ ሰው ይዘላሉ፤ አንዱ እግር ሲያርፍ ሌላው ይነሣል።

«ሜርቭ» አለች፣ «እግርህ ምን አለህ?»

ሰውየው በአንድ እግራቸው ቆመው ቀሩ።

«ፀሐይ ሲያገኘው ይፋጃል» አሉ በመጨረሻ። «ልጆቹ ሊመጡ ሲሉ አቀዘቅዘዋለሁ። ከዚያም በየግማሽ ሰዓቱ።»

«እና ለምን ገዛኸው?»

«ሱቁ ጣሪያ ነበረው። እዚያ ውስጥ ስረግጠው ቀዝቃዛ ነበር።»

ግሌኒስ በርጩማው ላይ ተመቻችታ ቆመች። ለመሳቅ ጊዜ እየመረጠች ነበር።

«አንቺ ደግሞ» አሉ አቶ ሜርቭ ጎማውን እያዩ፣ «እዚህ አጥር ላይ የምንጠለጠለው አንቺን ለማስተማር ብቻ ይመስልሻል። ያንን ጥላ እያየሁ ስንት ዓመቴ ነው። እኔ እዚህ እየተጠበስኩ፣ አንቺ ማንጎ ሥር ተቀምጠሽ ታማርሪያለሽ።»

ግሌኒስ እንደዚያን ዕለት ደስ ብሏት አያውቅም። ስትቀናባቸው የኖረችው ሰው ሲቀኑባት ኖረዋል፤ ያውም እየተቃጠሉ።

ሌላ ናሙና አመጣች፤ አጠር ያለ፣ ሳሳ ያለ፣ ቀለሙ ፈዘዝ ያለ፣ ሥሩ ውሃ የሚያሳልፍ። ሱቁ ደጃፍ ላይ የታመመ ይመስል ነበር። ማንጎው ሥር ሳምንት ሲቆይ ግን የጸደይ ሣር መሰለ፤ ቅጠሉም በአንድ ጥረጋ ወጣ። ሠራተኞቹ ሊያነጥፉት በመጡ ቀን አቶ ሜርቭ ከአጥሩ በላይ ሆነው «የሣሩ ጠጉር ወደ ቤቱ ይተኛ» እያሉ ዋሉ። ሠራተኞቹ ግን እሳቸው ገና ሳይናገሩ አስተኝተውት ነበር።

የገና ምሳ ማንጎው ሥር ተበላ። ልጆቹ ከገንዳው ሣሩ ላይ፣ ከሣሩ ገንዳው ውስጥ ሲሉ ዋሉ። አቶ ሜርቭ ሽሪምፕ እና የገዛ ወንበራቸውን ይዘው መጡ፤ የአሳማ ሥጋው ተቆርጦ እስኪያልቅም ስለ ውሃ ፍሳሽ ተናገሩ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቅዳሜዎች ግሌኒስ የተመኘቻቸው ዓይነት ነበሩ። ልጆቹ እሷ ጋ፣ ፎጣዎቹ እርጥብ፣ የአጥሩ በር ዝግ። ከማዶ ውሃ አይሰማም፤ የሚያቀዘቅዙት ለማን ነው? ጭንቅላትም ብቅ አላለም። የመጀመሪያውን ቅዳሜ ቻለችው። ሁለተኛውን እስከ እኩለ ቀን ቻለችው። ከዚያ መጥረጊያዋን ይዛ ወደ አጥሩ ሄደች።

«ሜርቭ፣ ይሄን ቅጠል የምጠርገው ጠጉሩ ወደ ተኛበት ነው ወይስ በተቃራኒው?»

መልሱን ታውቀዋለች። ሠራተኞቹ ሁለት ጊዜ ነግረዋታል፤ ጽፈው የሰጧት ወረቀት ፍሪጇ ላይ ተለጥፏል።

ከማዶ ወንበር ተንቋቋ።

«አዪዪ፣ ግሌኒስ» አለ ድምፁ፣ ጭንቅላቱ ሳይደርስ። «ይሄማ ረጅም ነገር ነው።»

ግሌኒስ የአጥሩን በር ከፈተችው።