ቦርሳዬን የወረሰችው ዶሮ

ሰው ቤቱን የሚያውቀው መንገድ ሲዘጋበት ነው። ደህና ቀን ሲሆንማ ቤት ማለት የምናድርበት፣ ጠዋት ደግሞ ጃንጥላ ረስተን የምንመለስበት ቦታ ነው፤ ግድግዳው የቱ ጋ እንደተሰነጠቀ እንኳ ልብ አንልም። እርስዎ ያውቃሉ? እኔ አላውቅም ነበር።

ያን ሰሞን ከፍኖተ ሰላም የሚወጣው መንገድ ሁሉ ተዘጋ፤ ስልኩም አብሮ ዝም አለ። የማስተምርበት ትምህርት ቤትም በሩን ቆለፈ። ልጃችን ትርንጎ ቡሬ፣ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ናት። ቡሬ ማለት ሚኒባስ ላይ የጀመሩት ወሬ ሳያልቅ የሚደረስባት ከተማ ናት፤ ያን ጊዜ ግን ከባሕር ማዶ ራቀችብን። ባለቤቴን ሙሉን እህል አልዋጥላት አለ። ለጥየቃ ከፈረስ ቤት ከተማ መጥተው እኛው ጋ የቀሩት አባቷ፣ የቅኔ መምህሩ የኔታ፣ ዳዊታቸውን ይደግማሉ። እኔ ግድግዳ አያለሁ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኛ ቤት ዝምታ ግን ነቅዞ ነበር።

አንድ ጠዋት ገብስማ ዶሯችን፣ ጥግ ላይ የወረወርኩት ቦርሳዬ ውስጥ ስትጥል ከርማ ኖሮ፣ እንቁላሎቿን ታቅፋ ተዘርፍጣ አገኘኋት። ላባርራት ስነሣ የኔታ ከዳዊታቸው ቀና አሉ።

«ተዋት እንጂ አንተ! እሷ ሥራ ላይ ናት። ሥራ የፈታኸው አንተ ነህ።»

«የኔታ፣ የተማሪዎች የፈተና ወረቀት ላይ ነው እኮ የተቀመጠችው!»

«እሰየው! ከፈተና ወረቀት ፍሬ ሲገኝ ልናይ ነዋ።»

ሙሉ ፈገግ አለች። ፈገግታዋ ትንሽ ነበረች፤ ግን አየኋት።

ከዚያ ወዲያ ውሏችን ዶሮዋ ዘንድ ሆነ። ሙሉ ገብስ ትበትንላታለች፤ «እሷም በልታለች» እያለች ራሷም መጉረስ ጀመረች። የኔታ ዶሮዋ ውኃ ልትጠጣ ብድግ ስትል ዳዊታቸውን አጥፈው ያይዋታል። እኔም ብሆን፣ ገብስማ እያልን የምንጠራት ዶሮ አንገቷ ላይ ወርቅማ ላባ እንዳላት ያን ጊዜ ነው ያየሁት።

ሦስተኛው ሳምንት ሲያልቅ የኔታ አንዱን እንቁላል ጆሯቸው ላይ ለጥፈው «ተናገረ!» ብለው ጮኹ። ሦስታችንም ሳቅን። ወዲያው ሙሉ አፏን በነጠላዋ ይዛ አለቀሰች።

«ልጄ የት እንዳለች ሳላውቅ እንዴት እስቃለሁ?»

«ስትመጣ የሚስቅላት ፊት ትፈልጋለች» አሉ የኔታ ቀስ ብለው። «ከአሁኑ አለማምጅው።»

በማግሥቱ ቦርሳው ላይ ተደፍተን ቅርፊት ሲሰነጠቅ እናያለን። በሩ በኃይል ተበረገደ። ሙሉ ዞር ሳትል እጇን ወደ ኋላ አወናጨፈች።

«ማነህ አንተ! ቀስ በል! ጫጩቶቹን ታስደነግጣቸዋለህ!»

«እማዬ… እኔ ነኝ።»

መንገዱ ማለዳ ተከፍቶ በመጀመሪያው ሚኒባስ መጥታ ኖሯል። ከዚያ የሆነውን ልንገርዎ ብልም አልችልበት፤ ማን ማንን አቅፎ እንዳለቀሰ እንኳ አላስታውስም።

ትርንጎ ግን ዛሬም ድረስ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ታማናለች። «እኔ ሞቱ ተረፉ እያልኩ ስሮጥ ብመጣ፣ እነሱ ጫጩት እያዋለዱ ጠበቁኝ!» ትላለች።

ትማን። ተኮራምተን ብታገኘን ይሻላት ነበር?