የጋሽ ዝናቡ ዝናብ

በየሙያው አንድ የማይቀር ሰው አለ፤ ዓይኑ እያየ፣ ጆሮው እየሰማ፣ መለኪያ ካልመጣ የማያምን። ግንበኛ ከሆነ ውኃ ልኩ ከእጁ አይለይም፤ ሰላም ልበላችሁ ብሎ ጎራ ይልና መደርደሪያችሁን ለክቶ "ወደ ግራ አዘንብሏል" ብሏችሁ ይሄዳል። ልብስ ሰፊ ከሆነ ዕድሜውን ሙሉ ሲሰፋለት የኖረውን ወገብ ዛሬም እንደ አዲስ ይለካዋል፤ እውነት ለመናገር እሱስ አልተሳሳተም። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈርም መሥሪያ ቤትም የለም። ሙዚቃ ለምንነካካው ለእኛ የደረሱን ክቡር ጋሽ ዝናቡ ናቸው።

ዝናቡ የወጣላቸው ስም ነው። ስቱዲዮአቸው ከጎሚስታ ቤት በላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ ግድግዳዋ በአሮጌ የስፖንጅ ፍራሽ የተለበጠ፣ መስኮቷ የማይከፈት። እዚያ ቁጭ ብለው ዘፈን ሚክስ ያደርጋሉ፤ ማለትም ለየብቻ የተቀዱትን ከበሮ፣ ቤዝ፣ ጊታር፣ ኪቦርድና ድምፅ አንዱ ሌላውን እንዳይውጠው አስማምተው ያስቀምጣሉ። ሌላው ባለሙያ ይህን በጆሮው ነው የሚሠራው። ጋሽ ዝናቡ ግን ጆሮ የሚባለውን ነገር፣ በተለይ የራሳቸውን፣ አያምኑትም። የሚያምኑት ፒንክ ኖይዝን ብቻ ነው።

ፒንክ ኖይዝ፣ ስሙ አያስፈራችሁ፣ ሜዳ ላይ የሚወርድ የማያባራ ዝናብ የመሰለ ሹሹታ ነው። መጀመሪያ የሁሉንም መሣሪያ ድምፅ ጭራሽ ያወርዱታል። ከዚያ ሹሹታውን ይለቁታል። ቀጥሎ አንዱን መሣሪያ ብቻ ቀስ እያሉ ያነሱታል፤ ከዝናቡ ውስጥ ገና ብቅ እንዳለ እጃቸውን ይሰበስባሉ። እሱን ዝም ያሰኙትና ሌላውን ያነሳሉ። ሁሉም ተራ በተራ ከዝናቡ ብቅ ብለው ካለቁ በኋላ ሹሹታው ይጠፋል፣ መሣሪያዎቹ አንድ ላይ ይለቀቃሉ፤ ምን ይደረግ፣ ተስማምተው ይገኛሉ።

"ዝናቡ ይፈርዳል።" የአፋቸው ማሟሻ ይህች ናት። ከበሮ መቺው "የኔ አልተሰማም" ሲል፣ "ዝናቡ ይፈርዳል።" ዘፋኟ "እኔን ትንሽ ከፍ ያድርጉኝ ጋሼ፣ ሰው የሚያዳምጠው እኮ እኔን ብሎ ነው" ስትል፣ "ዝናቡ ይፈርዳል፣ የኔ ልጅ።" አንድ ስሙ የገነነ ዘፋኝ ሚክሱን ራሴ ካልተቆጣጠርኩ ብሎ አጠገባቸው ተቀመጠ አሉ። ሹሹታው ቀስ እያለ አነሆለለውና ሶፋው ላይ ማንኮራፋት ጀመረ። ሲነቃ "እንደዚህ ያለ ሚክስ ተሠርቶልኝ አያውቅም" ብሎ አመስግኖ ሄደ።

ላይኛው ፎቅ ያሉት እትዬ በበኩላቸው፣ ሥራ በተጀመረ ቁጥር ልብሳቸውን ከገመድ ሊሰበስቡ እየሮጡ ይወርዱ ነበር። አሁን ለምደውታል፤ ስለዚህ ልብሳቸው የሚበሰብሰው እውነተኛው ዝናብ ሲመጣ ነው። የጋሽ ዝናቡ ባለቤት ደግሞ የባሰውን ይናገራሉ። "እኔንም እኮ ከዝናብ በላይ እስክሰማ ነው የሚጠብቀኝ። ጠርቼው፣ ጠርቼው፣ ስጮህበት 'አሁን ብቅ አልሽ' ይለኛል።"

ይህን ሁሉ እያወራሁ ሰው ሳስቅ የኖርኩት ሴትዮ፣ በኋላ እዚያው ሶፋ ላይ እኔው ራሴ ተቀመጥኩ።

አባዬ የጉሮሮ ቀዶ ጥገና ታዘዘለት። ሐኪሙ በግልጽ ነገረን፤ ይድናል፣ ድምፁ ግን ላይመለስ ይችላል። አባዬ በጉልምስናው በየመድረኩ ይዘፍን ነበር፤ ያኔ ማይክ የሚተክሉለት፣ ስፒከር የሚሸከሙለት ጋሽ ዝናቡ ነበሩ። ከዚያ ሁሉ ዘፈን አንድም በወጉ ተቀድቶ አልቀረም። "ሆስፒታል ሳልገባ አንዷን እንኳ ላስቀምጥላት" አለ። ላስቀምጥላት ያለው ለእማዬ ነው፤ ዘፈኗም ድሮ ለእሷ የገጠማት ናት። ጋሽ ዝናቡ ስቱዲዮ ገባንና ታላቅ ወንድሜ ጊታር፣ ታናሽ እህቴ ኪቦርድ፣ እኔ ቤዝ ያዝን፤ ከበሮውን ማሽን መታልን። አባዬ በሻከረ፣ መሀል ላይ በሚቆራረጥ ድምፅ ዘፈነ። አሳምሮ ዘፈነ አልልም፤ ግን አባዬ ነው።

በማግስቱ ልጆቹ ሚክሱን ልንሰማ ሄድን። ጋሽ ዝናቡ እንደ ደንባቸው ሁሉንም በዝናብ አስፈርደዋል። ሁሉም ይሰማል፤ ችግሩም ይኸው ሆነ። የአባዬ ድምፅ ከእኛ እኩል ተደርጎ፣ ሰልፍ ላይ ከቆመው ሰው እንደ አንዱ ሆኗል። ትንፋሹ ሲያጥረው ደግሞ ጊታሩ ጭልጥ አድርጎ ይውጠዋል። ጊታሩ ከፍ ካላለ እንቅልፍ የማይወስደው ወንድሜ እንኳ "ጋሼ፣ እኔን ይቀንሱኝ" አለ።

"ዝናቡ ፈርዷል" አሉ፣ ከወንበራቸው ሳይነቃነቁ።

ደሜ ፈላ። "ጋሼ፣ የአባዬን ድምፅ ከማሽን ከበሮ እኩል? ሁለተኛ እኮ ላንሰማው እንችላለን! ጆሮ የለዎትም እንዴ?"

ሄድፎናቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። እኔ ባወጣሁት ቃል ደነገጥኩ።

"ለእሱ ሲሆን የለኝም" አሉ። "ስሚኝ ልጄ፣ ይሄ ዝናብ እኮ ለእናንተ ብዬ ያመጣሁት አይደለም፣ ለራሴ ነው። የምወደውን ሰው ስሰማ እጄ ሳላዘው ከፍ ያደርገዋል። ለእጄ ብተወው እናንተን አጥፍቼ አባታችሁን ብቻ ነው የማስቀረው።"

"ታዲያ ያስቀሩታ!" አለች እህቴ እያለቀሰች።

"ሂዱ በቃ። ነገ እልካለሁ።"

እንዳሉትም በስልኬ መጣ። ቤት ተሰብስበን ከፈትነው። አጀማመሩ ያው ነው፤ ሁሉም በየቦታው። አባዬ ትንፋሽ የሚያጥረው ቦታ ሲደርስ ግን ጊታሩ ወደ ኋላ አለ፣ ኪቦርዱ ተከተለው፣ የኔ ቤዝ መኖሩም ተረሳ። የአባዬን ድምፅ ካለበት አላነሱትም፤ ዝቅ ያደረጉት እኛን ነው። ሻካራነቱ፣ ትንፋሹ፣ ሁሉም ጥርት ብሎ ወጣ።

"እዚህ ጋ ጊታር አልነበረም እንዴ?" አለ አባዬ።

"የለም አባዬ፣ እዚያ ጋ አርፌ ነበር" አለው ወንድሜ። ይህ ልጅ ጊታር ይዞ አርፎ አያውቅም።

ወጣ ብዬ ደወልኩላቸው። "ጋሼ፣ ይሄን የፈረደው ዝናቡ ነው?"

"ፈርዶ ነበር። ይግባኝ አልኩ።"

"ለማን?"

"ለእናትሽ። ጠዋት አስጠርቼ አሰማኋት። እኔ ስቀንስ፣ እሷ 'ትንሽ፣ ትንሽ' ስትለኝ ቆየንና 'በቃ፣ እሱ ነው' አለች። እጄን ሰበሰብኩ።"

ተመልሼ ስገባ እማዬ፣ ምንም ነገር እንደማያውቅ ሰው፣ ብርጭቆ ትወለውላለች።

አባዬ ከቀዶ ጥገናው በሰላም ወጣ። ድምፁ ግን ሐኪሙ እንደፈራው ሆነ፤ ዛሬ የሚያወራው በሹክሹክታ ነው። ጋሽ ዝናቡ እሑድ እሑድ ሊጠይቁት ይመጣሉ። እንግዲህ በእኚህ ሰውዬ ስንቴ እንደሳቅኩ ነግሬያችኋለሁ፤ እንደምወዳቸው ያወቅኩት ግን እቤት መመላለስ ሲጀምሩ ነው። ዕድሜያቸውን በሹሹታ የፈጁት ክቡር ሰው በር ላይ ጫማቸውን ጠርገው እንደገቡ መጀመሪያ ቴሌቪዥኑን ያጠፋሉ። ከዚያ መስኮቱን ይዘጋሉ፤ እኛን በጣታቸው ዝም ያሰኙናል። በመጨረሻ ማድ ቤት ገብተው የፍሪጁን ሶኬት ይነቅላሉ። ከዚያ ወንበራቸውን ከአባዬ አጠገብ ስበው ይቀመጡና ሁለቱ ሲንሾካሾኩ፣ ሲሳሳቁ ይውላሉ።

ሲሄዱ ፍሪጁን መልሰው መሰካት ይረሳሉ። እማዬም የተበላሸውን ወተት እየደፋች፣ እስከ ዛሬ አንዲት ቃል ተናግራቸው አታውቅም።