እትዬ መቀስ እና ማዕዘን የሌላቸው ጨርቆች

እትዬ መቀስ አዲስ ጨርቅ ጉልበታቸው ላይ ዘርግተዋል። አንዱን ማዕዘን በሁለት ጣት ቆንጠጥ ያደርጉና ቀጭ፤ የጥፍር ያህል ቁራጭ ወለሉ ላይ ትወድቃለች። ጨርቁን ያዞሩና ሌላውን ቀጭ። አራቱም ከተቀነጠቡ በኋላ ጨርቁ ውሃ እንዲገባ ይፈቀድለታል።

በየሰፈሩ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። እናንተ ሥራውን ገና ስትጀምሩ፣ እሱ ስህተታችሁን ለቅሞ ጨርሶ ይጠብቃችኋል። የሌላው ሰፈር አዋቂ ስለ መኪና ወይም ስለ መድኃኒት ያውቅ ይሆናል። የእኛዋ ክብርት አዋቂ ሙያቸው ጨርቅ ከመሰፋቱ በፊት ማጠብ ነው።

"ያልታጠበ ጨርቅ ውሸታም ነው" ይላሉ። ስፋቱን ይዋሻል፣ ቀለሙንም ይዋሻል፤ እውነቱን የሚያወጣው ውሃ ብቻ ነው። ሳይታጠብ የተሰፋ ብርድ ልብስ በመጀመሪያው እጥበት እንዳኮረፈ ሰው ፊቱን ያጨማድዳል። ለማጠብ ደግሞ ሹል ማዕዘን ጠላት ነው፤ ክር መመዘዝ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ስለዚህ "ማዕዘኑን ቁረጡለት፣ አመሉን ይተዋል።"

እውነት ነው፣ ይሠራል። የሚያናድደውም ይኸው ነው።

ችግሩ እትዬ መቀስ የት ማቆም እንዳለባቸው አያውቁም። የቤታቸው መጋረጃ ማዕዘን የለውም፣ የባለቤታቸው መሐረብም የለውም። ጎረቤት ሊጠይቁ ይሄዱና የጠረጴዛውን ልብስ ጫፍ ሲያሻሹ ይቆያሉ፤ ባለቤቲቱ ውሃ ልታመጣ ስትነሳ ቀጭ። አንድ ጊዜ ታመው ክሊኒክ ተኝተው፣ ነርሷ ሙቀታቸውን ልትለካ ስትመጣ አንሶላውን ሲያክሙት አገኘቻቸው። "እኔስ እድናለሁ፤ ይሄ ግን ሊያልቅ ነው" አሏት። ባለቤታቸው ዝምተኛ አናጢ ናቸው። የሚሠሩት ጠረጴዛ ሁሉ ለምን ማዕዘኑ ክብ እንደሚሆን ሲጠየቁ፣ "ፈርቼ ነው" አሉ።

ምራታቸው የምትኖረው እንግዲህ በዚህ ቤት ነው። ዘንድሮ ነፍሰ ጡር ናት። ለሚወለደው ልጅ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ብርድ ልብስ ልትገጣጥም ተነሳች። መሃሉ ላይ ልታውለው ያሰበችው ሰማያዊ ጨርቅ፣ እናቷ ለቀሚስ ገዝተው ሳያሰፉት የሞቱበት ነው። ሌላ የእናቷ ነገር በእጇ የለም። ጨርቁን በትራስ ልብስ ጠቅልላ ከመደርደሪያው ጀርባ ደብቃው ኖራለች፤ ከብል ሳይሆን ከመቀስ።

አማቷ ገበያ በወጡበት ጠዋት፣ ሰማያዊውን ከሌሎቹ አዳዲስ ጨርቆች ጋር ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ከተተችው። ማዕዘን አልቆረጠች፣ ጠርዝ አልዘመዘመች፣ በመረብ ከረጢትም አልከተተች። አንድ ቀን እንኳ ያለ ምክር ማጠብ አምሯት ነበር።

ማሽኑ ቆሞ ስትከፍተው የወጣላት ጨርቅ ሳይሆን ገመድ ነው። የሁሉም ጠርዝ ተዘርዝሮ ክሩ እርስ በርሱ ተተብትቧል። ሰማያዊው መሃል ላይ ታንቆ ጫፉ ብቻ ይታያል። ጎተተችው፤ ባሰበት። እንደገና ጎተተች፤ ጭራሽ ጠበቀ። እንባዋ ሲመጣ መቀስ አነሳች። በሩ የተከፈተው ያን ጊዜ ነው።

"መቀሱን አስቀምጪ።"

ይህን ያሉት እትዬ መቀስ ናቸው። ምራቲቱ ጆሮዋን አላመነችም።

"እማማ፣ የእናቴ እኮ ነው" አለች።

"የማን እንደሆነ መች አጣሁት? ከመደርደሪያው ጀርባ ስትደብቂውም አውቃለሁ። መቀስ ከውሃ በፊት ነው፤ ከውሃ በኋላ ጣት ነው።"

ገንዳውን ቀዝቃዛ ውሃ ሞልተው ያንን ቋጠሮ አስተኙት። ውሃ ያሰረውን ውሃ ይፍታው ብለው መነጽራቸውን አጠለቁና ክሩን በጣታቸው ይፈለቅቁ ጀመር። አፋቸው ግን አላረፈም። ማሽኑን የፈለሰፈውን፣ ጨርቁን የሸጠውን፣ በመጨረሻም ምክር እንደ መርፌ የሚወጋትን ምራታቸውን በየተራ ሸነቆጡ። ምራቲቱ ስድባቸውን እንደ እንጉርጉሮ እያዳመጠች አጠገባቸው ተቀመጠች።

ሰማያዊው ጠርዙ ተበጣጥሶ፣ ሆዱ ደህና ሆኖ ወጣ። ሌሎቹ ጨርቆች ዘግይቶም ቢሆን ቅጣታቸውን ተቀበሉ፤ ቀጭ፣ ቀጭ። የሰማያዊው ተራ ሲደርስ ምራቲቱ ዓይኗን ጨፈነች። የመቀስ ድምፅ ግን አልሰማችም። ስትገልጥ፣ እትዬ መቀስ በመርፌና በክር ዙሪያውን በእጃቸው ይዘመዝማሉ፤ ማዕዘኖቹ ጋ ሲደርሱ ቀስ ብለው ይዞራሉ።

"የዚህኛውን አመል እኔ እችለዋለሁ" አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

በዚያ ቤት ዛሬ አራት ማዕዘኑ የሞላ ጨርቅ ያ ብቻ ነው፤ በብርድ ልብሱ መሃል ተቀምጦ ሕፃኑን ይጠብቃል። የብርድ ልብሱ የራሱ ማዕዘኖች? እነሱንስ አትጠይቁኝ።

ይልቅ አንድ ነገር ልለምናችሁ። እትዬ መቀስን ካገኛችኋቸው እስከ ክሊኒኩ ድረስ ያለውን አንብቡላቸው። ይቆጣሉ፤ ቁጣ ይስማማቸዋል። የሰማያዊውን ጨርቅ ነገር ግን ዝለሉት። ሲያመሰግኗቸው ያፍሩና እግራቸው ከሰው ቤት ይቀራል፤ የእኔ የጠረጴዛ ልብስ ደግሞ ገና ያልተቆረጠ አንድ ማዕዘን ይቀረዋል። አደራችሁን፣ አታሳፍሩብኝ።