ተቀምጣ የምታድር መኪና

ተሸወድኩ ብሎ የሚያምን ወንድ እስከ ዛሬ አልተወለደም። ይወለድ ይሆናል፤ እኛ ግን አንደርስበትም። የሚሸወደው ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው፤ ጎረቤት፣ የሚስት ወንድም፣ አንድ የሥራ ባልደረባ። እሱ ራሱ የገዛው ነገር ቢያፈስም፣ ቢያጨስም፣ ቢያነክስም ምክንያት አያጣም። እንዲህ ያለ ሰው በየቤቱ አለ፤ ይሄ አሁን የምናወራለት ግን የሁሉም አለቃ ነው።

ክቡርነታቸው የሁለተኛ ደረጃ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ተራራውን፣ ሸለቆውን፣ ወንዙን በዱላ እየጠቆሙ ካርታ ላይ ሲያስተምሩ፣ አንዱንም ሄደው ሳያዩ ጸጉራቸው ሸበተ። እናም አንድ ቀን ትንሿን መኪናቸውን ሸጡና፣ ተራራ ትወጣለች ወንዝ ትሻገራለች የተባለች፣ የቆዳ ወንበርና የመስታወት ጣሪያ ያላት፣ በሰው እጅ የከረመች ግዙፍ መኪና ሊገዙ ተነሡ። ሚስታቸው ልብስ ሰፊ ናት። አብራ ሄደች፤ ባትሄድ ይሻላት ነበር።

ሲደርሱ መኪናዋ ሞተሯ እየሠራ የሻጩ ግቢ መሃል ተገትራለች። ቁመቷ ያስፈራል።

«ሳንመጣ ለምን አስነሷት?» አለች ሚስት ሻጩን።

ሻጩ አፉን ሊከፍት ሲል ክቡርነታቸው ቀደሙት። «ትልቅ ሞተር ቀድሞ መሞቅ አለበታ!»

«ልክ ነው» አለ ሻጩ፤ በዕድሜው እንዲህ ያለ ገዢ አይቶ አያውቅም።

የልብስ ሰፊ ዓይን ክፉ ነው። ሚስት ምንጣፉን ገለጥ አደረገች፤ ቀና ብላም ጣሪያውን አየች። «ይሄ ስፌት እኮ አዲስ ነው። የጣሪያውም ጨርቅ ተቀይሯል። ውሃ ገብቶባት ይሆናል።»

«ሰውየው ንጽሕና ይወዳል ማለት ነው» አሉ ክቡርነታቸው።

ሻጩ ምንም ሳይደክም መኪናዋ ተሸጠች። የመሰከረላት ገዢው፣ ያወደሳት ገዢው፤ ገዢው ራሱን ለምኖ ለራሱ ሸጣት።

በማግስቱ ጠዋት ሚስት መስኮት ከፍታ ብታይ፣ ማታ ቆማ የገባችው መኪና ቁጭ ብላለች። ጎማዎቿ እስከ ግማሽ ተውጠዋል፤ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው።

«አንተ! መኪናዋ ሰመጠች!»

ክቡርነታቸው በፒጃማ ወጡ። ዞሯት፤ ጎንበስ ብለው አዩ፤ ፊታቸው ላይ አንድ ነገር ብልጭ ብሎ ጠፋ። «እንዲህ ነው የተሠራችው» አሉ ቀና ብለው። «ማታ ማታ ታርፋለች።»

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ሌላ ቃል አልሰማም። ጣሪያዋ አፈሰሰ፤ ሰውየው መኪና ውስጥ የዝናብ ልብስ ለብሰው ሲነዱ ሰፈሩ ሁሉ አየ። «አየር እንድታስገባ እንዲህ ነው የተሠራችው!» የሹፌሩ ወንበር ማሞቂያ አልጠፋ አለ፤ በጠራራ ፀሐይ ላባቸው እየተንጠባጠበ «ለወገብ መድኃኒት ነው» አሉ። ፊት ለፊታቸው ቀይ የማስጠንቀቂያ መብራት በራ፤ አንድ ሳምንት ታገሡትና ጥቁር ናስትሮ ለጠፉበት። የሰፈር ልጆች «ግመሏ» ብለው ቢጠሯት፣ «ግመል በረሃ ታቋርጣለች» ብለው ምርቃት አደረጉት። ጎረቤት ሳይነቃ መቆም ስላለባት ግን በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ድምፅ ሳያሰሙ ይወጣሉ። ሚስት የመጀመሪያ ቀን «ተነሺ፣ ተነሺ የኔ እመቤት» የሚል ሹክሹክታ ሰምታ ደሟ ፈልቶ ነበር። መኪናዋን እንደሚለምኑ ስታይ ተመልሳ ተኛች።

ተኛች ማለት እንኳን ይከብዳል። ከባሏ ተደብቃ መካኒክ ጠይቃ ነበርና።

«እትዬ፣ ይቺ መኪና የቆመችው በአራት የአየር ከረጢት ነው» አላት መካኒኩ። «ከረጢቶቹ ተሰነጣጥቀዋል። ስትጠፋ አየሩ ይወጣል፤ ስትነሳ ፓምፕ ይነፋቸዋል። ፓምፑ እምቢ ያለ ቀን ግን በተቀመጠችበት ቀረች።»

«መቼ ነው እምቢ የሚለው?»

«እሱን ፈጣሪ ነው የሚያውቀው። ዛሬም ሊሆን ይችላል።»

ያ ቀን ሐሙስ እንዳይሆን ነው ጭንቋ። አብራቸው የምትኖረው እናቷ ጉልበቷ አይታጠፍም፤ ግራ ዓይኗም ጠፍቷል። አምና፣ ትንሿ መኪና ተሸጣ ይቺ ገና ሳትገዛ፣ ለቀዶ ሕክምና ልትሄድ ስትል፣ የተከራዩት ሚኒባስ ከፍ ያለ ነበርና ሁለት ጎረምሶች ብብቷን ይዘው ሊያነሷት ሞከሩ። «እኔ ጆንያ ነኝ? ልቀቁኝ!» ብላ ሰው ፊት አልቅሳ ወደ ቤት ተመለሰች። ዓይኑ ሌላ ቀጠሮ እስኪገኝ አልጠበቀም። አሁን የቀኙ ተራ ነው፤ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣ በኮረኮንች መንገድ ሁለት ሰዓት ተኩል ርቆ። ይሄ ካመለጠ ሌላ ሰባት ወር ነው።

ሚስት መኪናዋ ቆማ ሳለች የወንበሯን ቁመት በልብስ መለኪያ ሜትሯ ለካችው። ከእናቷ ወገብ ይበልጣል።

«ሌላ መኪና እንከራይ» አለች ረቡዕ።

«መኪና እያለኝ?»

«ፓምፑ ቢሞትስ? ባይሞትስ እማዬ እንዴት ትወጣለች? የቀራት እኮ አንድ ዓይን ነው!»

ክቡርነታቸው ኮታቸውን ደርበው ወጡ። ያቺን የለመዷትን ቃል እንኳን አላሏትም፤ ይሄ ደግሞ ይበልጥ አስፈራት።

ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። ሚስት ጆሮዋን ብታቆም የሞተር ድምፅ የለም። «አለቀ» አለችና በባዶ እግሯ ሮጠች። መኪናዋ ቁጭ ብላለች። ክቡርነታቸው አጠገቧ እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው ቆመዋል።

«እምቢ አለች አይደል? ተናግሬ ነበር! እናቴን ልታሳውርብኝ ነው!»

«አልሞከርኳትም» አሉ ቀስ ብለው። «እማማን አምጫቸው።»

እናት በምርኩዟ መጣች። ክቡርነታቸው በሩን ከፈቱና ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ። እናት ወንበሩን ዳበሰችው፤ ጀርባዋን ሰጥታ አልጋዋ ላይ እንደምትቀመጥ አረፍ አለች። አንዱን እግሯን በእጇ ደግፋ አስገባች፤ ሌላውን አስከተለች።

«ገባሁ እኮ!» አለች። «ማን ነካኝ? ማንም አልነካኝም!»

ያኔ ክቡርነታቸው ሞተሩን አስነሡ። ፓምፑ ጮኸ፤ ቀጥሎ ጸጥ አለ። መኪናዋ ንቅንቅ አላለችም። ከኋላ የተቀመጠችው ሚስት የሻርፗን ጫፍ በጥርሷ ነከሰች። የባሏ ማጅራት ላይ ላብ ሲወርድ ታያለች፤ የወንበሩ ማሞቂያ ይሁን ፍርሃት እግዜር ይወቅ።

«ተነሺ» አሉ በሹክሹክታ። «ተነሺ የኔ እመቤት። ዛሬን ብቻ።»

ፓምፑ እንደገና ጮኸ። መጀመሪያ ኋላዋ፣ ከዚያ ፊቷ፣ ቀስ እያለ ከፍ አለ።

«ምነው፣ ወደ ላይ እየሄድን ነው እንዴ?» አለች እናት።

«እንዲህ ነው የተሠራችው፣ እማማ» አሉ ክቡርነታቸው።

ከግቢው ሲወጡ ጥጉ ላይ አንድ ታክሲ ቆሟል። ክቡርነታቸው መብራት ብልጭ አደረጉለት፤ ሹፌሩ እጁን አውለብልቦ ሄደ። ለሁለት ሰዓት አሥር ደቂቃ ሲቀረው ሆስፒታሉ በር ላይ ነበሩ። ሞተሩ ጠፋ፣ መኪናዋ ዝቅ አለች፣ እናት እግሯን መሬት አስነክታ ብቻዋን ወረደች።

ቀትር ላይ ሐኪሙ «ቀዶ ሕክምናው ተሳክቷል፤ ታያለች» አለ። ሚስት እንባዋን ጠርጋ የእናቷን ጋቢ ልታመጣ ወደ መኪናዋ ወረደች። የዕቃ መጫኛውን ብትከፍት፣ በላስቲክ እንደተጠቀለሉ አራት አዳዲስ ጥቁር የጎማ ከረጢቶች ተደርድረዋል።

«እነዚህ ምንድናቸው?»

ተከትለዋት የመጡት ክቡርነታቸው መሬት መሬት አዩ። «የአየር ከረጢቶቹ ናቸው። ከገዛኋቸው ሦስት ወር ሆነ።»

«ታዲያ ለምን አላስገጠምካቸውም?»

«ከተገጠሙ ቆማ ልታድር ነዋ። እማማ እንዴት ይገቡ ነበር?» ላስቲኩን ዳበስ አደረጉና «ታክሲውንም ያቆምኩት እኔ ነኝ፤ ፓምፑ ቢሞት ብዬ። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም» አሉ።

ክቡርነታቸው የተቀመጠች መኪናቸውን ከላይ እስከ ታች አዩ፤ ያ ናስትሮ፣ ያ ጣሪያ። ከዚያ በሕይወታቸው ብለውት የማያውቁትን አሉ።

«ያ ሰውዬ ግን… ሸውዶኛል፣ አይደል?»

ይቺን ቃል ስትጠብቅ ዓመት ሞልቷታል። መልሱንም አዘጋጅታ፣ አሳምራ፣ ስንት ጊዜ በልቧ ብላዋለች። ጋቢውን ክንዷ ላይ አደረገችና የመኪናዋን በር ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

«ማነው ያለው?» አለች። «እንዲህ ነው የተሠራችው።»