የእማሆይ ጉልበትና የጨረቃው አፈር

(ላሊበላ፣ በደርግ ዘመን። እማሆይ አመተ ጊዮርጊስ ቢጫ ነጠላቸውን ተከናንበው ደጃፋቸው ላይ እግራቸውን ዘርግተዋል። አንድ ጉልበታቸው በአፈር ተለስኗል። ጎረቤታቸው የሳይንስ መምህሩ ታፈረ ባዶ ቢጫ ጨርቅ ይዞ ፊታቸው ቆሟል።)

ታፈረ፦ እማሆይ፣ ቁልፌን የተውኩልዎት ዶሮ እንዳይገባ እንዲያዩልኝ እንጂ ዕቃዬን እንዲፈትሹ ነው እንዴ?

እማሆይ፦ አልፈተሽኩም ልጄ። ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁት።

ታፈረ፦ ያገኙትን ሁሉ ጉልበትዎ ላይ ይለስናሉ?

እማሆይ፦ ታዲያ የት ልለስነው? የሚያመኝ ጉልበቴ ነው።

ታፈረ፦ የጨረቃ አፈር እኮ ነው።

እማሆይ፦ ትናንት አሳይተህ ነግረኸኝ የለ? ከሰማይ የመጣ አፈር ለጉልበት ካልሆነ ለምን ሊሆን ነው?

ታፈረ፦ (ሆዱን ይዞ) ጉድ ሆንኩ። ነገ የፓርቲ ኃላፊው ጓድ ከወልድያ ይመጣሉ። የጨረቃን አፈር በዓይናችሁ አሳያችኋለሁ ብዬ ለውይይት ክበቡ አስነግሬያለሁ። ደስ ካሰኘኋቸው ለትምህርት ሞስኮ ይልኩኛል። ባዶ እጄን ከቆምኩ ግን ውሸታም ተብዬ መቅረቴ ነው።

እማሆይ፦ ሆድህን ምን ሆነህ ነው?

ታፈረ፦ ነገን ሳስበው ይቆርጠኛል። ይልቅ አፈሩን ያራግፉልኝ፣ በወረቀት ልቀበለው።

እማሆይ፦ አይራገፍም። በውሃ ለውሼዋለሁ።

ታፈረ፦ የጨረቃን አፈር በውሃ? እማሆይ፣ ጨረቃ ላይ እኮ ውሃ የለም።

እማሆይ፦ እንግዲያማ ጠምቶት ነበራ። ደግ አደረግሁ።

ታፈረ፦ (ክፍል እንደገባ ሰው ጣቱን አንስቶ) ያዳምጡኝ። ጨረቃ ላይ ጥቁር ጥቁር ሆኖ የሚታየው ምን ይመስልዎታል?

እማሆይ፦ ጥላሸት።

ታፈረ፦ ተሳሳቱ። ድሮ፣ እጅግ ድሮ፣ ከውስጧ የቀለጠ ድንጋይ ገንፍሎ ወጣ። ሜዳውን ሞላና እዚያው ቀዘቀዘ። እሳተ ገሞራ ነው። ሊቃውንቱ ባሕር ይሉታል።

እማሆይ፦ ውሃ የለም አላልክም?

ታፈረ፦ የለም። የጥንቶቹ ከሩቅ ሲያዩት ውሃ መስሏቸው ነው።

እማሆይ፦ ሳይቀርቡ ስም አወጡለት? ምን አስቸኮላቸው?

ታፈረ፦ አሁንማ ተቀርቧል። ሶቪየቶች ሰው የሌለባት መንኮራኩር ልከው አፈሩን አስቆፍረው አመጡ። እያጎሉ ያዩታል። ውስጡ የጠብታ ያህል እርጥበት ይኖር እንደሆን እንኳ ይመረምራሉ።

እማሆይ፦ ድንጋይ ውስጥ ውሃ መኖሩ ምኑ ይገርማል? የነአኩቶ ለአብ የዋሻ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያው ይንጠባጠብ የለ?

ታፈረ፦ እሱ የዝናብ ውሃ ሰርጎ ነው። ጨረቃ ዝናብ የላትም። ድንጋዩ ግን ይመሳሰላል። ይሄ የላስታ ዐለት፣ ቤተ ክርስቲያኖቹ የተፈለፈሉበት ሳይቀር፣ ከእሳተ ገሞራ የመጣ ነው።

እማሆይ፦ ይህን ያህል ከተመሳሰለ፣ ያንተው ከጨረቃ መምጣቱን በምን አወቅህ?

ታፈረ፦ የወንድምዎ ልጅ የሻው ነዋ። ሞስኮ ተምሮ ሲመለስ በእጁ ሰጠኝ። ጨርቁን እንኳ ይዩት፤ አፈሩ ላቦራቶሪ ውስጥ የሚቋጠርበት ልዩ ጨርቅ ነው።

እማሆይ፦ ዳሩ በእጅ ተዘምዝሟል።

ታፈረ፦ እዚያ ሴቶቹም ሳይንቲስቶች ናቸው።

እማሆይ፦ መርፌ ግን አልሆነላቸውም። ስፌቱ ጠማማ ነው።

ታፈረ፦ እማሆይ፣ በማያውቁት ባይገቡ ይሻላል።

እማሆይ፦ ልክ ነህ። እስቲ ወዲህ በለው።

(ጨርቁን ተቀብለው ነጠላቸውን ይገልጣሉ። አንዱ ጫፍ ተቀዷል። ጨርቁን እዚያ ላይ ያስጠጉታል። ልክክ ይላል።)

እማሆይ፦ የሻው ሞስኮ ሲሄድ አገሩ ብርድ ነው ሲሉኝ ጊዜ ሰጋሁ። ከነጠላዬ ቀድጄ የነአኩቶ ለአብን እምነት፣ ያን ለሕመም የሚቀባ የሚጠጣ የተባረከ አፈር፣ ቋጠርኩለት። ይዞት ሄዶ ይዞት ተመለሰ ማለት ነው። ስፌቱ የጠመመው ዓይኔ ደክሞ ነው።

ታፈረ፦ እና የሻው... ቀለደብኝ?

እማሆይ፦ ከሕፃንነቱም እንዲሁ ነው።

ታፈረ፦ እርስዎስ? ይህን ሁሉ ሳስተምርዎ ያውቁ ኖሯል?

እማሆይ፦ ትናንት ስታሳየኝ ነው ያወቅሁት። ትምህርቱ ግን ጥሩ ነው፤ ያ የገነፈለው ድንጋይ ደስ ብሎኛል።

ታፈረ፦ ታዲያ ትናንት አይነግሩኝም?

እማሆይ፦ አንተን ማን አስጨርሶ ይናገራል? ስለዚህ ለጉልበቴ አደረግሁት። አንተ የወገል ጤና ሰው ነህ፣ የዚህን አገር ሰው አታውቀውም። ነገ በጓዶቹ ፊት እምነቱን ብትዘረጋው አዳራሹ በሙሉ ገና ሲያየው ያውቀውና ሊሳለምና ሊቀባ ይሰለፍልህ ነበር። ያኔ ሞስኮ ቀርቶ ወልድያም በሰላም አትደርስም።

ታፈረ፦ (አጠገባቸው ቁጭ ብሎ) እና ነገ ምን ይዤ ልቁም?

እማሆይ፦ አሁን ያልከኝን በላቸው። ከደጅ አንድ ጥቁር ድንጋይ አንሳና የጨረቃው ይህን ይመስላል በል። የጨረቃ ነው አትበል እንጂ ይመስላል ያለን ሰው ማን ውሸታም ይለዋል?

(ታፈረ ጎንበስ ብሎ አንድ ድንጋይ ያነሳል። እያገላበጠ ያየዋል፣ ኪሱ ይከተዋል። ሊሄድ ተነስቶ ይመለሳል። ግራ ቀኙን አይቶ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።)

ታፈረ፦ እማሆይ፣ ከዚያ ከአፈሩ ትንሽ አልተረፈዎትም?

እማሆይ፦ ለጓዶቹ?

ታፈረ፦ ለሆዴ።