የእርጅና ልምምድ

እናንተዬ፣ ለእርጅና ተዘጋጅታችኋል? እኔ ገና በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ጨርሻለሁ። ልጆቼ አዲስ አበባ ወስደው ኮንዶሚኒየም ላይ እንዳይሰቅሉኝ፣ እዚሁ ሶዶ ቤቴ ለማርጀት ስል የበረንዳውን ደረጃ አስፈረስኩ፤ መጸዳጃ ቤቱ ውስጥ መደገፊያ ብረት አስገጠምኩ፤ ከዘራም ገዝቼ አረማመዱን መለማመድ ጀመርኩ። አስተዋይ ሰው ማለት እንዲህ ነው!

በቀደም እናቴ ከቦዲቲ መጣች። ሰማንያን አልፋለች። የእንሰት ችግኝ ታቅፋ ከባጃጅ ወረደችና ጓሮ ወስዳኝ "ቆፍር" አለችኝ። ሦስቴ ቆፍሬ ወገቤን ያዝኩ። ዶማውን ነጠቀችኝ።

"እማዬ፣ እንሰት ለመድረስ ስንት ዓመት ይፈጃል! ለማን ብለሽ ነው?"

ከዘራዬን አየት አድርጋ ቁፋሮዋን ቀጠለች።

"ላንተ ነዋ፣ ልጄ። ስታረጅ እኔ ሁልጊዜ ከቦዲቲ ምግብ ተሸክሜ መመላለስ አልችልም።"