አያ አረጋ የሠሩልኝ የብረት እግር

«ቀላል ነው!» የሚል ጠጋኝ የሌለበት ሰፈር የለም። የኛ የላሊበላዎቹ ጠጋኝ ክቡር አያ አረጋ ነበሩ። የቀበሌውን ሬዲዮ ጠገኑት፤ ከዚያ ወዲያ ሥራው ማፏጨት ብቻ ሆነ። የአባ ሀብተ ሥላሴን ሰዓት ጠገኑት፤ አባ በእኩለ ቀን ለኪዳን ተነሡ። ጥፋቱ ግን መቼም የአያ አረጋ አይደለም። ሬዲዮው አርጅቶ ነው፤ ሰዓቱም ከጥንቱ ሰነፍ ነበር።

በ1969 ዓ.ም. ከገነተ ማርያም ስመለስ በቅሎ ጣለችኝና ቀኝ እግሬ ከዳኝ። ልቁም ስል ጉልበቴ ይታጠፋል። ዓመት ሙሉ ቤት ዋልሁ። አንድ ቀን አያ አረጋ መጥተው እግሬን በገመድ ለኩ። በሳምንቱ ከአልጋ ብረትና ከበሬ ቆዳ የሠሩትን ነገር ተሸክመው ከተፍ አሉ። ጉልበቱን ቡሎን ይቆልፈዋል፤ ተረከዙ ሥር ያለው ሞላ ደግሞ እግሬን ወደ ፊት ይገፋዋል።

«አያ አረጋ፣ ቢሰብረኝስ?»

«ቀላል ነው! ስብራቱንም እጠግነዋለሁ።»

ብረቱን አሰሩልኝ። ግድግዳ ይዤ አንድ ተራመድሁ፤ ሁለት ተራመድሁ። አለቀስሁ።

በወሩ ወደ ገበያ ወጣን። እኔ ስራመድ ብረቱ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል፤ እሳቸው አጠገቤ ሆነው እርምጃዬን ይቆጥራሉ። ቀበሌው በር ላይ ስንደርስ አንድ አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን አቀባበለ።

«ቁሚ! ከቀሚስሽ ሥር ብረት ይዘሻል! ተንበርከኪ!»

ባለፈው ሳምንት ጠባቂዎቹ ጎረቤታችን የነበረውን መምህር ሽጉጥ ደብቀሃል ብለው ወስደውት አልተመለሰም። ልንበርከክ ብል ቡሎኑ አላንበረክክ አለኝ።

«እምቢ ትያለሽ?» አፈሙዙን ደረቴ ላይ ደገነ።

አያ አረጋ በመካከላችን ገብተው መሬት ላይ ተንበረከኩ። «ጓድ፣ እግሯ ነው! እግሯ ነው፣ ጌታዬ!» እያሉ ቡሎኑን ለመፍታት ታገሉ። ከኪሳቸው ያወጡት መፍቻ ሦስት ጊዜ ወደቀባቸው። በመጨረሻ ብረቱ ሲላቀቅ ተዝለፍልፌ ትከሻቸው ላይ ወደቅሁ።

ጠባቂው ቀጭኗን እግሬን አየ። ብረቱንም በአፈሙዙ ነካ ነካ አደረገው። ከዚያ ፊቱን አዙሮ፣ «ሂዱ» አለ።

ብረቱን መልሰን አሰርን። ትንሽ እንደ ሄድን አያ አረጋ ግንብ ተደግፈው ቆሙ።

«አሰለች፣ ልጄ፣ ጉልበቴ አልታዘዝ አለኝ» አሉ፤ ከንፈራቸው አመድ መስሏል።

ክንዴን ሰጠኋቸው። ቤታቸው እስክንደርስ አልለቀቁኝም፤ እኔም አልተጣደፍሁም።